ከመስኮቱ ውጪ የተንጠለጠለው

መኪና መንዳት ያስተምራል። ተማሪዎቹ «ፍሬን» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ፊት ለፊት ባይጠሩትም ያውቃል፣ ቅርም አይለውም። በማስተማሪያዋ መኪና ውስጥ በአስተማሪው በኩል ሌላ ፍሬን አለ፤ የእሱ ቀኝ እግር ከዚያ ላይ ተነሥቶ አያውቅም። እግረኛ ከሩቅ ብቅ ሲል ይረግጣል። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ እንኳ «ቆይ እስቲ፣ ቆይ» እያለ ይረግጣል። የሸበተው እዚያችው ወንበር ላይ ነው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ግን አንድ ሰው አልገጨም፣ አንድ መስታወት አልሰበረም። ሌላ የሚኮራበት ነገር ቢጠየቅ ቶሎ አይመጣለትም።

ክፋቱ፣ ያንን እግሩን ቤቱም ይዞት ይገባል። ሶፋ ይቀየር ሲባል ቆይ እስቲ፤ ግድግዳው ቀለም ይቀባ ሲባል ቆይ እስቲ። «እኔ ራሴ እንጋባ ባልለው ኖሮ» ትላለች ሚስቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «ይኼኔም መንገድ ዳር ቆሞ ግራና ቀኝ ያይ ነበር።» እሱም አብሮ ይስቃል።

ሚስቱ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች። ጡረታ ሳትወጣ ልቧ ደከመ። መጀመሪያ ደረጃ መውጣት አቃታት፣ ቀጥሎ መውረድም፤ በመጨረሻ ሙቀት ራሱ ጠላት ሆነባት። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯታል፦ «መድኃኒቱ ብቻውን አያቆምሽም። ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ውስጥ ዋይ።» ስለዚህ ውሎዋም አዳሯም መኝታ ቤት ሆነ፤ የምትተነፍሰውም፣ ማጋነን አይሁንና፣ በአየር ማቀዝቀዣው፣ በኤሲው ነው።

ኤሲው የተገዛው ልጃቸው ፊደል ስትቆጥር ነበር። አሁን ልጅቷ ራሷ የልጆች እናት ሆና ሌላ ከተማ ትኖራለች። ከአልጋው በላይ የተሰቀለው ነጭ ሣጥን እንደ ቆየ ጋዜጣ ወይቧል። ዋናው ማሽን ግን ውጪ ነው። ከመስኮቱ ጎን፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በቡሎን ከግድግዳው ጋር በታሰሩ ሁለት የብረት ክንዶች ላይ የተቀመጠ፣ አንድ ሰው ብቻውን የማይደፍረው ከባድ ነገር ነው። በቤቱ ውስጥ ማንም አይቶት አያውቅም። ማን አንገቱን አውጥቶ የራሱን ግድግዳ ያያል?

በዚያ ዓመት ሙቀቱ ቀድሞ ገባ። ረፋዱ ላይ አስፋልቱ የጫማ ሶል ይዞ አልለቅም ይል ነበር። ኤሲው ያለ እረፍት መሥራት ሲጀምር ያ ድምፅ መጣ። ሲነሣ «ጓ» ይላል፤ ግድግዳው ይርዳል፤ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይነካካሉ። ከዚያ ረጅም ማቃሰት ይከተላል።

«ሰማኸው?» አለችው ሚስቱ።

«ይሠራል እኮ።»

«አይሠራም መቼ አልኩህ? ያቃስታል ነው የምልህ። እኔና እሱ እዚህ ተጋድመን አብረን እያቃሰትን ነው፤ ማናችን እንደምንቀድም እንጃ።»

«ኧረ ደግ ተናገሪ!»

ልጃቸው በስልክ ነገሩን ስትሰማ አላቅማማችም። «አባዬ፣ እሱ ዕድሜውን ጨርሷል። ዛሬ አንዱን ብትጠግነው ነገ ሌላው ይበላሻል። አዲስ ግዛ።»

«ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ባለሙያ ይየው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እናያለን።»

«ልጅ ሆኜ ብስክሌት የጠየቅኩህ ጊዜም እናያለን ነበር ያልከኝ። ይኸው እስካሁን እያየን ነው።»

ባለሙያው መጣ። ሰፈሩ «በረዶ» ይለዋል፤ ዕድሜውን ሙሉ ቤት ሲያቀዘቅዝ ኖሮ ራሱ ላቡ ደርቆ የማያውቅ ወፍራም ሰው ነው። ሣጥኑን ከፈተ፣ አቧራውን አራገፈ፣ አንድ የተቃጠለች ዕቃ ቀየረ፣ ጋዝ ሞላ። ከዚያ ወገቡ ድረስ በመስኮቱ ወጥቶ ብዙ ቆየ። ሲመለስ መዳፉ ቡናማ ሆኖ ነበር።

«ጋሼ፣ ማሽኑን አስታግሼልዎታለሁ» አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «እኔን ያሳሰበኝ የተቀመጠበት ብረት ነው። ዝገት በልቶታል። ቡሎኖቹም ላልተዋል።»

«ታዲያ አጥብቃቸዋ።»

«የሚይዝ ነገር ሲኖር አይደል የሚጠብቀው? ግድግዳው ራሱ ተፈርፍሯል። ብረቱ ወጥቶ፣ ሌላ ቦታ ተበስቶ፣ እንደ አዲስ መታሰር አለበት። ግን ኤሲውን የሚቀይሩት ከሆነ አዲሱ ከነብረቱ ይመጣል፤ ሁለት ጊዜ ግድግዳ ማድማት ነው። ስለዚህ እርስዎ ይወስኑ። ይጠገን ካሉኝ ብረቱን እሠራለሁ። ይቀየር ካሉኝ አልነካውም።»

«እስከዚያ ምን ያህል ይቆያል?»

«እሱን እንግዲህ ብረቱን ይጠይቁት» ብሎ በረዶ ሳቀ። ማንም አብሮት አልሳቀም።

«ቆይ እስቲ፣ ላስብበት» አለ ፍሬን።

አሰበበት። ይጠገን እንዳይል፣ በሚቀጥለው ወር ማሽኑ ጭራሽ ቢቆምስ? የተለፋበት ብረት ከንቱ ይቀራል። ይቀየር እንዳይል፣ ይኸው ተጠግኖ ጥሩ እየነፈሰ ነው፤ የሚሠራ ነገር እንዴት ይጣላል? በእርግጥም ማሽኑ ከጥገናው በኋላ ዝም አለ። ክፍሉ ቀዘቀዘ፣ ሚስቱ ከንፈሯ ደም ለበሰ፣ ከአልጋዋ ተነሥታ ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመረች። እሱም ይህን እንደ ውሳኔ ቆጠረው። ብረቱ አልተሠራም፣ ኤሲው አልተቀየረም፤ ነገሩ በመካከል ቀረ።

ከማሽኑ ቁልቁል፣ ምድር ቤት፣ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ ውስጡ ጨለማ ስለሆነ የስፌት ማሽኗን በራፏ ላይ አውጥታ፣ ፎቁ ከሚጥለው ጥላ ሥር ተቀምጣ ነው የምትሠራው። ቀልደኛ ናት። አንድ ቀን ከታች ሆና ስትጣራ ሰማት።

«ጋሼ! ኧረ ላይ ቤት የምታፈሉት ሻይ እታች ደረሰ!»

ሲወርድ ነጭ የተማሪ ሸሚዝ ዘርግታ አሳየችው። ትከሻው ላይ ቡናማ ጠብታ አርፎበታል። ሁለቱም ቀና አሉ። ከማሽኑ ሥር የተነሣ ቡናማ መስመር ግድግዳውን ይዞ እስከ አንደኛ ፎቅ ወርዷል። ማሽኑ ከታች ሲያዩት ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ይመስል ነበር። ወይም ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር፤ አይቶት ስለማያውቅ ምን ያነጻጽራል?

«ትንሽ ፈቀቅ እናድርገው» አለና የስፌት ማሽኗን አብሯት አንድ ክንድ ያህል ገፋ። ሸሚዙን አጥባዋለሁ ብላ ሸኘችው። ደረጃውን ሲወጣ ነገ ለበረዶ እደውላለሁ እያለ ነበር። ነገ ግን አዲስ ተማሪ መጣ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ የፈተና ቀን ሆነ።

ከዚያ በኋላ አንድ ከሰዓት ከሥራ ሲመለስ ልብስ ሰፊዋ ደረጃው ሥር ቆማ ጠበቀችው። ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም። መዳፏን ከፈተችለት። ዝገት የለበሰች የቡሎን ዳዶ ነበረች።

«የእናንተ መሰለችኝ» አለች። «ጠረጴዛዬ ላይ ነው የወደቀችው። መቀሱን መትታ ነጥራ ሄደች። እጄን ከዚያ ላይ ገና ማንሣቴ ነበር፣ ጋሼ።»

ፍሬን ዳዶዋን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። «ዛሬውኑ ባለሙያውን እጠራለሁ። አንቺ ግን በፈጠረሽ እዚህ አትቀመጪ።»

«የት ልሂድ? ውስጥ ክር እንኳ መርፌ ውስጥ አላስገባም። ደንበኛውስ በሬ ላይ ካላየኝ ማን ያንኳኳልኛል? እርስዎ ያስወርዱት እንጂ።»

ሽቅብ ወጥቶ ኤሲውን አጠፋው። ሚስቱ ቀና ብላ ስታየው «ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው» አላት። ወደ ኮሪደሩ ወጣ ብሎ ለበረዶ ደወለ። በረዶ ለትልቅ ሥራ ሌላ ከተማ ሄዷል።

«ጋሼ፣ እንዳያስነሡት!» አለ በረዶ፣ ድምፁ ተለውጦ። «መንቀጥቀጡ ነው የሚጥለው። እስክመጣ ዝግ ይሁን። ታች ያሉትንም ያስነሧቸው።»

ሌላ ባለሙያ ፈልጎ አመጣ። ያ ሰው አንገቱን በመስኮቱ ብቅ አድርጎ አየና ወዲያው መለሰው። «የሰቀለው ያውርደው። እኔ የልጆች አባት ነኝ» ብሎ መሣሪያውን ሳይፈታ ወረደ።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ክፍሉ ምድጃ ሆነ። የጠረጴዛ ማራገቢያው የሚያመላልሰው ያንኑ ትኩስ አየር ነበር። ፍሬን ጨርቅ በውሃ እየነከረ ግንባሯ ላይ ያደርጋል፤ ጨርቁ ወዲያው ይሞቃል። ትንፋሿ እያጠረ ሄደ። ከንፈሯ ጠቆረ።

«አንዴ ብቻ» አለች ዐይኗን ሳትከፍት። «ትንሽ… ይንፈስልኝ።»

ወደ መስኮቱ ሄዶ ቁልቁል አየ። የልብስ ሰፊዋ አናት ይታየዋል፤ ጸጉሯን የከፈለችበት መስመር እንኳ ይታየዋል። አንገቷን ደፍታ ትሰፋለች። ልጣራና ላስነሣት አለ። ከዚያ ደግሞ «ለምን?» ብትለኝስ? ኤሲውን ሊያስነሡት ነው ወይ ብትለኝስ? ሳይጣራ ተመለሰ።

ሪሞቱን አንሥቶ ተጫነው።

«ጓ» አለ። ግድግዳው ራደ። ፍሬን መስኮቱ ጋ ቆሞ ያንን የጸጉር መስመር ትክ ብሎ ያያል፤ ዐይኑን ከነቀለ የሚወድቅ ይመስለዋል። ቀኝ እግሩ ወለሉን እስኪያመው ድረስ ረግጧል። ከኋላው ቀዝቃዛው አየር ወረደ፣ የሚስቱ ትንፋሽም ቀስ እያለ ተመለሰ። ሲያጠፋው ሸሚዙ ከጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር።

በማግሥቱም እንደዚያው አደረገ። ከዚያም ወዲያ። «ለትንሽ ጊዜ ብቻ» ይላል ለራሱ። ምንም አልሆነም። ምንም አለመሆኑ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነበር፤ እጁ ሪሞቱን ለመደ።

አንድ ቀን ሲሠራ ትቶት ወጥቶ ሲመለስ ኤሲው ጠፍቷል፤ ሚስቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ላብ በአገጯ ይወርዳል።

«ልብስ ሰፊዋ ወጥታ ነበር» አለችው። «ቀሚሴን ልታስረክበኝ። ክፍሉ ቀዝቅዞ ስታገኘው ደነገጠች። "እትዬ፣ አሁንም ታስነሡታላችሁ እንዴ?" አለችኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ።»

ፍሬን ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ቆመ።

«እያወቅህ ነው ያስነሣኸው።»

«ምን ላድርግ? ትንፋሽሽ ሲቆራረጥ ቁጭ ብዬ ልይ?»

«ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«አጥፋው ትይኛለሽ ብዬ ነዋ።»

«እንግዲያው መልሱን ታውቀው ነበር» አለችው። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለው ነበር። «ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ አላውቅም፣ ከሰው አናት ላይ የምተነፍሰው። ደግፈኝ። እወርዳለሁ።»

«ደረጃውን አትችይውም።»

«ደግፈኝ አልኩህ።»

ወረዱ። በየፎቁ ቆመው፣ ግድግዳ ተደግፈው እያረፉ። ልብስ ሰፊዋ ሲመጡ ስታይ ወንበሯን ጥላ ተነሣች፤ የሚስቱን እጅ ይዛ አስገባቻት። ያ ጨለማ ምድር ቤት እንደ ጉድጓድ ቀዝቃዛ ነበር። ሚስቱ የልብስ ሰፊዋ አልጋ ላይ ጋደም ብላ በረጅሙ ተነፈሰች። እነሱ ላይ ሙቀቱን ሲዋጉ፣ ያ ሁሉ ቅዝቃዜ ከእግራቸው ሥር ነበር። ለካ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀው አያውቁም።

ፍሬን በራፉ ላይ ቆሞ ለበረዶ ደወለ። «ይውረድ» አለው። «ስለመጠገንም ስለመቀየርም አትጠይቀኝ። መጀመሪያ ይውረድ።»

በረዶ ሥራውን አቋርጦ መጣ፤ አማቹንም ይዞ። ገመዱን ጣራው ላይ ካለው የውሃ ታንከር ብረት ጋር አሰሩት፣ ሌላኛውን ጫፍ አማቹ በመስኮቱ ወጥቶ ማሽኑን ሁለት ዙር ጠመጠመበት። ቡሎኖቹ ሲፈቱ ገመዱ ይይዘዋል፤ ከዚያ ቀስ እያሉ ማውረድ ነው። ታች ያለውን ፍሬን ተረከበ። ይህ የሚያውቀው ሥራ ነው። በሁለቱም በኩል ወንበር አጋድሞ መንገዱን ዘጋ፣ አላፊ አግዳሚውን አስቆመ፣ ከአንደኛ ፎቅ የወጡትን ወደ ቤታቸው መለሰ። ሚስቱ ከልብስ ሰፊዋ ቤት ውስጥ ነች። ልብስ ሰፊዋ የስፌት ማሽኗን እየጎተተች ስትወጣ አይቶ ተቀብሎ አራቀላት።

«አንቺ እዚያ፣ ደረጃው ጎን ቁሚ» አላት በጣቱ እያሳየ። «እዚያ አይደርስብሽም።»

እሷም ሄዳ ቆመች።

ከላይ ብረት በብረት ሲመታ ይሰማል። «አንደኛው ተፈታ!» አለ በረዶ። ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚመስል። ማንም ያልነካው የግራ ክንድ ከነግድግዳው ቁራጭ ተነቅሎ ወጣ። ማሽኑ ተገልብጦ በገመዱ ላይ ተንጠለጠለ፤ ገመዱም ያዘው። አንድ አፍታ ሁሉም ትንፋሹን መለሰ። ግን ማሽኑ አልቆመም፤ ወደ ቀኝ ተወዛወዘ፣ የሁለተኛ ፎቁን መስታወት አድቅቆ ተመለሰ፣ ወደ ግራ ሄደ፤ በሄደ ቁጥር ገመዱ የጣራውን ስለታም ጠርዝ ይፈገፍጋል።

ፍሬን የሚሆነውን ከሁሉም ቀድሞ አየ። ማሽኑ የሚሄደው ወደ ደረጃው ነው። «ቆይ!» ብሎ ጮኸ፤ ቀኝ እግሩ አስፋልቱን በኃይል ረገጠ። ከእግሩ ሥር ግን የሚያቆም ነገር አልነበረም።

ገመዱ ተበጠሰ።

ልብስ ሰፊዋ ዘለለች። ማሽኑ ከጀርባዋ ወድቆ ምድሩን አንቀጠቀጠው፤ የተነቀለው የብረት ክንድ ግን ነጥሮ ቀኝ ቁርጭምጭሚቷን አገኘው። አቧራው መሐል ስትጮህ ሰማ። ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው ሚስቱ ነበረች፤ ያቺ ደረጃ የማትችለዋ ሴት። እንዴት እንደወጣች፣ እንዴት እንደሮጠች ማንም አላየም። መሬት ላይ ተቀምጣ የልብስ ሰፊዋን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ «አለሁሽ፣ አለሁሽ» ትላለች።

ፍሬን ሁለቱንም በማስተማሪያዋ መኪና ወደ ሆስፒታል ወሰዳቸው። በመንገዱ ላይ ምን እንደረገጠ፣ ምን እንዳለፈ ዛሬም አያስታውስም።

የልብስ ሰፊዋ አጥንት ተጠግኖ ጄሶ ታሰረላት። ጄሶው ሲፈታ ግን ቁርጭምጭሚቱ እንደ ቀድሞው አልታጠፍ አለ። ፔዳል የምትረግጥበት እግሯ ነው። ፍሬን ያለ ማንም ምክር፣ ቆይ እስቲም ሳይል፣ ለስፌት ማሽኗ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር አስገጠመላት። አዲሱም ኤሲ ተገዛ፤ ግድግዳ ላይ ግን አልወጣም። ከፎቁ ጀርባ ባዶ የነበረ የምድር ቤት ክፍል ተከራይተው ወረዱ፤ የውጪው ማሽን ሲሚንቶ ላይ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ። ልጃቸው መጥታ አይታ «ይህን ለመወሰን ይህ ሁሉ?» ልትል ጀምራ የአባቷን ፊት ስታይ ተወችው።

ሚስቱ የልብስ ሰፊዋ ቤት ውላ መምጣት ለመደች። ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ትጠመዝዛለች፤ ሁለቱ ሲሳሳቁ ከሩቅ ይሰማል። እሱ ብቅ ሲል ግን ሳቁ ይቆማል። ልብስ ሰፊዋ ከፍ ዝቅ አድርጋው አታውቅም፤ «ደህና ዋሉ ጋሼ» ትለዋለች፣ ከዚያ በላይ አንድ ቃል የለም። እዚያ ቁሚ ያላት እሱ ነው። አላነሣችበትም፤ እሱም እንዴት ብሎ ያንሣው።

አሁን ፍሬን መንገድ ሲሄድ ቀና ብሎ ነው። ተማሪዎቹ «ጋሼ፣ መንገዱን እንይ እንጂ!» ይሉታል። እሱ ከእያንዳንዱ መስኮት ጎን የተንጠለጠለውን ያያል፤ ከሱቅ በላይ፣ ሰው ከሚሰለፍበት በላይ፣ ከትምህርት ቤቱ በር በላይ። ቡናማ መስመር ሲያይ መኪናውን ያስቆማል፣ ደረጃ ይወጣል፣ ያንኳኳል። አንዳንዱ አመስግኖት ያሠራል። አንዳንዱ «መጣ ደግሞ ይኼ ሰውዬ» ብሎ በሩን ይዘጋበታል።

ከትምህርት ቤቱ በር በላይ ያለው፣ ቡናማ መስመር የወረደበት ቤት ግን ከፍቶለት አያውቅም። ማንኳኳት ከጀመረ ሰንብቷል። ትናንትም ሄዶ ነበር፤ ደወሉን ደወለ፣ ጠበቀ፣ ጆሮውን በሩ ላይ አደረገ። ውስጥ ሰው ይኑር አይኑር አልታወቀውም። ማሽኑ ግን ይሠራል፤ በሩ ላይ ባሳረፈው መዳፉ መንቀጥቀጡ ይሰማዋል። ታች፣ ከማሽኑ ሥር፣ ተማሪዎች ተለቀው እየተጋፉ ይወጡ ነበር። ፍሬን ደረጃውን በሩጫ ወረደ።